ለሞተሩ ማጣሪያ ይገዛል፤ ለሾፌሩስ?

የቁም እንስሳት የሚጭን መኪና ለረጅም ጉዞ ሲዘጋጅ ባለ መኪናው የሚያያቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ የሞተር ዘይት፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ የራዲያተር ውኃ፣ የጭነቱ አጥርና ወለል። መንገዱ አቧራማ ከሆነ የሞተሩን አየር ማጣሪያ አስፈትቶ ያያል፤ ከደፈነም ያለ ብዙ ክርክር አዲስ ይገዛል። ሞተር አቧራ ከሳበ ጉልበቱ እንደሚደክም፣ ነዳጅ እንደሚያባክንና ውስጡ እንደሚበላ ያውቃል። በዚያው መኪና ውስጥ ግን ሌላ ማጣሪያ አለ፤ ሾፌሩና ረዳቱ የሚተነፍሱትን አየር የሚያጣራው የጋቢና ማጣሪያ። እሱን ከፍቶ የሚያይ ባለ መኪና ጥቂት ነው። መኖሩን የማያውቅም ብዙ ነው።

ዋጋው ከአንድ ሙክት ዋጋ ጋር አይወዳደርም። መቀየሩም በብዙ መኪኖች ላይ የ10 ደቂቃ ሥራ ነው። ታዲያ ለምን ይረሳል? ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት አይደለም። የሞተሩ ጉዳት ለባለ መኪናው በጋራዥ ሒሳብ ይመጣለታል። የሳንባው ጉዳት ግን የሚደርሰው ለሾፌሩ ነው፤ ያውም ከዓመታት በኋላ። ጭነቱን የሚያስጭነው ነጋዴ ደግሞ መኪናው የእኔ አይደለም፣ ሾፌሩም የእኔ ሠራተኛ አይደለም ብሎ ያልፈዋል። የሚከፍለውና የሚተነፍሰው ሰው የተለያዩ በመሆናቸው ማንም አያየውም። ሆኖም በመንገድ ላይ ለሚደርሰው ጥፋት የመጨረሻውን ሒሳብ የሚከፍለው እንስሳቱ የእሱ የሆኑት ነጋዴ ነው። ስለዚህ የጋቢና ማጣሪያ የነጋዴው ጉዳይ ነው፤ በመኪና ኪራይ ስምምነት ውስጥም ሊገባ ይገባል።

አስፋልቱ መጥቷል፤ አቧራው ግን አልሄደም

ከኢሲዮሎ በማርሳቢት አድርጎ ሞያሌ የሚደርሰው መንገድ አስፋልት ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ከቶጎጫሌ በሐርጌሳ ወደ በርበራ የሚወስደውም መንገድ ታድሷል። ይህን ያየ ሰው የአቧራ ነገር ያለፈ ታሪክ ሊመስለው ይችላል። እንስሳት ግን ከአስፋልት ዳር አይሰበሰቡም። በጉና ፍየሉ፣ ግመሉና በሬው የሚመጣው ከቦረና ቆላ፣ ከሶማሌ ክልል ሜዳ፣ ከአፋር በረሃ፣ ከማርሳቢትና ከዋጅር ገጠር ነው። ከዚያ እስከ ዋናው መንገድ ያለው አብዛኛው ጥርጊያ ነው። በገበያ ቀን መኪኖች ተከታትለው ስለሚወጡ ሁለተኛው የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛው የሁለቱንም አቧራ ይበላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከ10 ማይክሮን ያነሰ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ45 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከ2.5 ማይክሮን ያነሰው ብናኝ ወደ ሳንባ ጠልቆ ስለሚገባ ወሰኑ 15 ማይክሮግራም ነው። የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት እስኪጠፋ ድረስ የሚነሳ የአቧራ ደመና ከእነዚህ ቁጥሮች እጅግ የራቀ ነው። ሾፌሩ በዚያ ደመና ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች አይደለም። ሥራው ነውና በሳምንት ብዙ ጊዜ፣ በዓመት ብዙ ወር ይመላለስበታል።

የጭነት ወቅቱም ወደ አቧራው እየሄደ ነው። የአረፋ በዓል በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። በ2009 ዓ.ም. በመስከረም መጀመሪያ የዋለው አረፋ በ2015 ዓ.ም. በሰኔ ውሏል፤ በ2022 ዓ.ም. ደግሞ በሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ ይውላል። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚላከው በግና ፍየል ከበዓሉ ሳምንታት ቀድሞ ተሰብስቦ፣ ኳራንቲን ቆይቶ መርከብ ላይ መውጣት አለበት። በዓሉ ሚያዝያ ላይ ሲደርስ ትልቁ የመኪና ጭነት የካቲትና መጋቢት ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ሶማሌዎች ጂላል የሚሉት የደረቅ ወቅት የሚጠነክርበት ጊዜ ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት የዓመቱ ከባድ ሥራና የዓመቱ ከባድ አቧራ አንድ ላይ ይመጣሉ። መዘጋጀት የሚፈልግ ነጋዴ ከአሁኑ ሊያስብበት ይገባል።

ማጣሪያው ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

የጋቢና ማጣሪያ ከውጭ የሚገባው አየር ወደ ሾፌሩ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት የታጠፈ ወረቀት ወይም ጨርቅ መሰል ነገር ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ የሚገኘው ከረዳቱ መቀመጫ ፊት ለፊት ካለው የዕቃ ሳጥን ኋላ ነው። ሳጥኑ ተላቆ ሲወርድ ቀጭን ክዳን ይታያል፤ ማጣሪያው እዚያ ውስጥ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ከመስታወቱ በታች በሞተር ክዳኑ በኩል ይገኛል። ቆየት ባሉ የጭነት መኪኖች ላይ ቦታው ጨርሶ የሌለበት ጊዜ አለ። ቦታው ተሠርቶለት ማጣሪያ ሳይገባበት ወደ አገር የገባ መኪናም አለ። በዚህ ጊዜ ትክክለኛውን ማጣሪያ ገዝቶ ማስገባት ብቻ ይበቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መኪናው ማጣሪያ አለው ወይ ብሎ ከፍቶ ማየት ነው።

ተራው ማጣሪያ ትልልቁን አቧራ በደንብ ይይዛል፤ እያነሰ በሄደው ብናኝ ላይ ግን አቅሙ ይቀንሳል። በእርግጥ የሚሠራውም ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ መስታወቱ ሲዘጋ፣ ሁለተኛ ማራገቢያው ሲሠራ፣ ሦስተኛ የበሩ ጎማ ደህና ሲሆን። መስታወት ከፍቶ የሚነዳ ሾፌር በዓለም ላይ ያለ ምርጥ ማጣሪያ ቢገባለት የሚያገኘው ጥቅም የለም። የበሩ ጎማ የተቀደደ እንደሆነም አቧራው በማጣሪያው በኩል አይለፍ እንጂ በበሩ በኩል ይገባል። ማራገቢያው ከውጭ አየር እየሳበ ሲሠራ ግን በጋቢናው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ትንሽ ስለሚበልጥ አየሩ በቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይወጣል፤ አቧራውም የመግባት ዕድሉ ይቀንሳል። ብዙ ሾፌሮች አቧራ ሲያዩ ማራገቢያውን የሚያጠፉት በተቃራኒው ነው።

አቧራ ሲበዛ የውስጥ አየር ማዞሪያውን መጫን ለአጭር ጊዜ ጥሩ ነው። ለሰዓታት ማቆየት ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሦስት ሰው በተዘጋ ጋቢና ውስጥ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፤ ራስ ይከብዳል፣ እንቅልፍ ይመጣል። በሌሊት ለሚነዳ ሾፌር ይህ ከአቧራው የማይተናነስ አደጋ ነው። የአቧራው ደመና ሲያልፍ ወደ ውጭ አየር መመለስ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ የሚያስችለው ደግሞ ያልደፈነ ማጣሪያ ነው።

እንደ መንገዱ መምረጥ

ገበያ ላይ የሚገኙት በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ብናኝ ብቻ የሚይዘው ነጭ ማጣሪያ ነው። ሌላው የካርቦን ማጣሪያ ሲሆን በብናኝ መያዣው ላይ ጋዝና ሽታ የሚይዝ የከሰል ንብርብር ተጨምሮበታል። ሻጩ ብዙ ጊዜ ካርቦኑ ይሻላል ይላል፤ ውድ ነውና። ለጥርጊያ መንገድ ግን ካርቦኑ የግድ አይደለም። በአቧራ ምክንያት ካርቦኑ ሥራውን ሳይጨርስ ማጣሪያው ይደፍናል፤ ባለ መኪናውም ያልተጠቀመበትን ከሰል ገዝቶ ይጥላል። አቧራ ለበዛበት መስመር ጥሩ ነጩን ማጣሪያ ገዝቶ ቶሎ ቶሎ መቀየር ውዱን ካርቦን ገዝቶ ለዓመት ከመርሳት ይበልጣል።

ካርቦኑ ዋጋ የሚያወጣው በኬላ ሰልፍ ላይ ነው። ጋላፊ ላይ ወይም ወደብ መግቢያ ላይ ሞተራቸውን ሳያጠፉ በሚጠብቁ መኪኖች መካከል ሰዓታት የሚያሳልፍ ሾፌር የሚተነፍሰው የናፍታ ጭስ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍታ ጭስን ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑ ነገሮች ተርታ መድቦታል። በአስፋልት የሚሄድና በሰልፍ ብዙ የሚቆም መኪና የካርቦን ማጣሪያ ቢገባለት ያዋጣል።

አንድ ነገር ግን መነገር አለበት። የካርቦን ማጣሪያ የእንስሳቱን ሽታ ያጠፋል ተብሎ ለከብት መኪና ባለቤቶች ሲሸጥ ይታያል። ከእንስሳት ሽንት የሚነሳውና ዓይን የሚያቃጥለው ጋዝ አሞኒያ ነው። ተራው ካርቦን ደግሞ አሞኒያን የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው፤ ለእሱ ሲባል በኬሚካል የተነከረ ካርቦን ያስፈልጋል። የአሞኒያው መድኃኒት ከጭነት በኋላ ወለሉን አጥቦ ማድረቅ፣ በቂ አሸዋ ወይም ገለባ ማንጠፍና ሲቆሙ መኪናውን ነፋሱ ከፊት እንዲመጣ አድርጎ ማቆም ነው።

ሲገዙ መታየት ያለባቸው ምልክቶች ብዙ አይደሉም። እጥፋቶቹ እኩልና ጠንካራ መሆን አለባቸው። በዙሪያው ያለው ስፖንጅ ወይም ጠርዝ ሳይጎድል ቦታውን ጥብቅ አድርጎ መሙላት አለበት፤ አየር ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ በጠርዙ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ አቧራው በዚያ ያልፋል። ትልቁን በመቀስ ቆርጦ ማስገባት የሚወድ መካኒክ ሞልቷል፤ ይህ ከባዶ ብዙ አይሻልም። ካርቦን ነው የተባለው ከነጩ ትንሽ ከበድ ማለት አለበት፤ ወረቀቱ ጥቁር ቀለም ብቻ ተቀብቶ የሚመጣም አለና። የመለዋወጫ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር ማመሳሰል ጥሩ ነው፤ ለምሳሌ በአብዛኞቹ ቶዮታዎች የጋቢና ማጣሪያ ቁጥር በ87139 ይጀምራል። አይኤስኦ 11155 የሚል ጽሑፍ ካለበት ማጣሪያው በምን ዘዴ እንደተፈተነ ያመለክታል፤ የመጀመሪያው ክፍል የብናኝ፣ ሁለተኛው ክፍል የጋዝ ፈተና ነው። ይህ ግን የጥራት ማኅተም ስላልሆነ ጠርዙንና እጥፋቱን ማየት አይቀርም።

መቼ ይቀየር

ብዙ አምራቾች የጋቢና ማጣሪያ ከ15,000 እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ እንዲቀየር ያዛሉ። ከዚያው ሥር አቧራማ በሆነ ቦታ ቶሎ ይቀየር የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። በዚህ ቀጣና ንግድ ላይ የሚሠራው የመጀመሪያው ቁጥር ሳይሆን ይህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። በጥርጊያ መንገድ ለሚመላለስ መኪና በደረቅ ወቅት በወር አንድ ጊዜ ከፍቶ ማየት፣ ቢበዛ በሦስት ወር መቀየር ተገቢ ነው። ዝናብ ሲገባ ማራዘም ይቻላል። የገባበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በማጣሪያው ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ክርክር ያስቀራል።

የደፈነ ማጣሪያ ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ አየሩ አይመጣም፤ የፊት መስታወቱ በጉም ተሸፍኖ ቶሎ አይለቅም፤ ኤሲው ማቀዝቀዝ ያቆማል። ሰዎች የማያስተውሉት ነገር፣ የቆሸሸ ማጣሪያ ጉዳቱ አቧራ ማሳለፉ አለመሆኑን ነው። እንዲያውም ቀዳዳዎቹ ስለጠበቡ ብናኙን የበለጠ ሊይዝ ይችላል። ጉዳቱ አየር መከልከሉ ነው። አየር ያጣ ሾፌር መስታወቱን ይከፍታል፤ መስታወት በተከፈተ ጊዜ ደግሞ የማጣሪያው ነገር አበቃ።

በየጋራዡ የሚታየው ትልቁ ስህተት ማጣሪያውን በኮምፕሬሰር መንፋት ነው። ለጥቂት ቀናት አየሩ ስለሚሻሻል የዳነ ይመስላል። ኃይለኛ አየር ግን ስሱን ጨርቅ ይበሳዋል፣ ብናኙንም ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ማጠብም አይሠራም። ብዙዎቹ ማጣሪያዎች ረቂቁን ብናኝ የሚይዙት በጨርቁ ላይ ባለ የኤሌክትሪክ ሙል ጭምር ስለሆነ ውኃና ሳሙና ያንን ኃይል ሊያጠፋው ይችላል፤ ሲደርቅ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ያው አይሆንም። ታጥቦ የሚመለሰው በአንዳንድ የጭነት መኪኖች ላይ ያለው የወንፊት ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱም የሚይዘው ቅጠል፣ ዝንብና ትልልቅ አቧራ ነው።

ያለ ማጣሪያ መንዳትም ቁጠባ አይደለም። አቧራው በቀጥታ ወደ ኤሲው ማቀዝቀዣ ይሄዳል፤ እዚያ ካለው እርጥበት ጋር ተላቁጦ ጭቃ ይሆንና ይለጠፋል። እሱን ለማጽዳት ብዙ ጊዜ ክሩስኮቱ መፈታት አለበት። ለአንድ ማጣሪያ ያልተከፈለው ገንዘብ በእጥፍ ድርብ ይወጣል፤ መኪናውም በሥራ ቀን ጋራዥ ይቆማል።

ከእንስሳት መኪና የወጣ ማጣሪያ ተራ ቆሻሻ አይደለም

የቁም እንስሳት መኪና ከአሸዋ መኪና የሚለይበት አንድ ነገር አለ። አቧራው አፈር ብቻ አይደለም፤ ደረቅ ፋንድያ፣ ጸጉር፣ የደረቀ ሽንት፣ አንዳንዴም በመንገድ ላይ የጨነገፈች ፍየል ያፈሰሰችው ፈሳሽ አለበት። ኪው ፊቨር የሚባለው በሽታ ተሕዋስ በተለይ በእንግዴ ልጅና በምጥ ፈሳሽ በብዛት ይወጣል፤ ደርቆ በአቧራ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ በነፋስም ይሄዳል። ሰውን ለመያዝ የሚያስፈልገው መጠንም እጅግ ጥቂት ነው። በኔዘርላንድስ ከ2007 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ከወተት ፍየል እርባታዎች በተነሳ ወረርሽኝ ከ4,000 በላይ ሰዎች መታመማቸው ተመዝግቧል፤ መንግሥትም ወረርሽኙን ለመግታት ከ50,000 በላይ እርጉዝ ፍየሎች እንዲወገዱ አድርጓል። በምሥራቅ አፍሪካ ግመሎች፣ በጎችና ፍየሎች ላይ በተደረጉ የደም ምርመራዎችም ከዚሁ ተሕዋስ ጋር የመገናኘት ምልክት በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ሾፌር ትኩሳትና ሳል ይዞት ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ሲወስድ፣ የሠራበትን ዕቃ የሚጠይቀው ባለሙያ አይበዛም።

ከዚህ ተነስቶ ማጣሪያው ከበሽታ ያድናል ማለት ስህተት ነው። ተራ የጋቢና ማጣሪያ የሚተነፈሰውን አቧራ ይቀንሳል እንጂ የበሽታ መከላከያ ተብሎ አልተሠራም። የሚከተለው ግን ግልጽ ነው። ከእንስሳት መኪና የወጣን አሮጌ ማጣሪያ ጎማ ላይ እየመቱ ማራገፍ፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መንፋት፣ ባዶ እጅ ይዞ ከዚያ ምግብ መብላት መቅረት አለበት። የሚያወጣው ሰው አፍና አፍንጫውን በኤን 95 ዓይነት ጭንብል ይሸፍን፤ ማጣሪያውን በቀስታ ስቦ ፌስታል ውስጥ ይክተት፤ ቦታውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረግ፤ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የጋቢና ማጣሪያ ፈጽሞ የማይደርስላቸው ሰዎች አሉ፤ ከላይ ከእንስሳቱ ጋር የሚጓዙት ጠባቂዎች። የወደቀ በግ የሚያነሱት፣ የተጋደመ በሬ የሚያስነሱት፣ መድረሻው ላይ ወለሉን የሚጠርጉት እነሱ ናቸው። አቧራውንም ፋንድያውንም የሚተነፍሱት ያለ ምንም መከለያ ነው። ለሾፌሩ ማጣሪያ ገዝቶ እነሱን የሚረሳ ነጋዴ ግማሽ ሥራ ሠርቷል። ጥሩ ጭንብል መስጠት፣ በተራ ጋቢና ውስጥ እንዲገቡ ማድረግ፣ ከመጥረጋቸው በፊት ወለሉን ውኃ መርጨት ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው።

ክርክሮቹና መልሳቸው

ሾፌሩ ከልጅነቱ በአቧራ ያደገ ነው፣ ለምዶታል የሚል አለ። ሳንባ አቧራን አይለምድም። ለምዷል የሚባለው ሾፌር ሳሉን የለመደ ነው። ነገሩን ከጤና ወደ ንግድ እንመልሰው ቢባል እንኳ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ዓይኑ በአቧራ ያለቀሰ፣ በማስነጠስ ዓይኑን የጨፈነ ሾፌር ያንን 17 ሜትር ሳያይ ነው የሚያልፈው። ቀጥሎ የሚመጣው ድንገተኛ ፍሬን ነው። በድንገተኛ ፍሬን የሚወድቀው፣ የሚረገጠው፣ እግሩ የሚሰበረው የነጋዴው እንስሳ ነው። የተሰበረ በሬ ኬላው አያሳልፈውም፤ መንገድ ላይ ታርዶ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል።

ሁለተኛው ክርክር የወጪ ነው። ለስሌት ያህል አንድ ማጣሪያ 2,000 ብር ነው፣ በሦስት ወርም ይቀየራል ይባል። መኪናው በወር 4 ጊዜ ቢጭን በሦስት ወር 12 ጉዞ ነው፤ በአንድ ጉዞ ወደ 167 ብር ይደርሳል። በአንድ ጉዞ 100 በግና ፍየል ቢጫን በአንዱ ላይ የሚያርፈው 1 ብር ከ67 ሳንቲም ነው። እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ዋጋና የራሱን የጭነት ብዛት አስገብቶ ሊያሰላው ይችላል። ዋጋው በእጥፍ ቢሆን እንኳ ለደላላ ከሚከፈለው፣ በኬላ ከሚባክነው ጋር ሲተያይ የሚቆጠር አይሆንም። አንዲት ፍየል ከሞት ብትተርፍ የብዙ ወር ማጣሪያ ትከፍላለች።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉም እውነት ያለው ነው። በአፋር ወይም በጅቡቲ ሙቀት መስታወት ዘግቶ መንዳት የሚቻለው ኤሲ ሲሠራ ነው፤ ኤሲ ደግሞ ነዳጅ ይበላል ይባላል። ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ለሾፌሩ የሚሰጠው የነዳጅ ገንዘብ የተቆረጠ ነው፤ ከተረፈው የእሱ ነው፣ ካነሰው ከኪሱ ነው። በዚህ አሠራር ሾፌሩ ኤሲ አጥፍቶ መስታወት ቢከፍት የሚገርም አይደለም። ስምምነቱ ራሱ የራሱን ሳንባ በነዳጅ እንዲሸጥ ይጋብዘዋል። አዲስ ማጣሪያ ገዝቶ ይህን አሠራር ሳይለውጡ መተው ገንዘብ ማባከን ነው። የማጣሪያው ጉዳይ ከነዳጁ ጉዳይ ጋር አብሮ ካልተፈታ አይፈታም። ኤሲ የሌለውን መኪና በተመለከተ ደግሞ ቢያንስ ቀዝቀዝ ባለው ሰዓት መጓዝ፣ ከፊተኛው መኪና መራቅ፣ በአቧራው ክፍል መስታወት ዘግቶ ማራገቢያ መክፈትና ለሾፌሩም ጭንብል መስጠት ይቻላል።

በስምምነቱ ላይ የሚጨመሩ ሦስት ነጥቦች

ነጋዴው መኪና ሲከራይ ስለ ዋጋ፣ ስለ ጭነት ብዛት፣ ስለ መድረሻ ቀን ይነጋገራል። ከእንግዲህ ሦስት ነጥቦች ቢጨመሩ ጥሩ ነው። አንደኛ፣ የጋቢናው ማጣሪያ መቼ እንደተቀየረ ይታይ፤ ከሦስት ወር ያለፈው ከሆነ ከመጫኑ በፊት ይቀየር። ሁለተኛ፣ ለኤሲ የሚሆነው ነዳጅ ከጉዞው ነዳጅ ተለይቶ ይታሰብ፤ ከሾፌሩ ድርሻ አይቆረጥ። ሦስተኛ፣ ለጠባቂዎችና ለጫኝ አውራጆች ጭንብል የሚያቀርበው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን።

ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው በድርድር የሚወሰን ነው። ባለ መኪናው ማጣሪያውን፣ ነጋዴው ነዳጁንና ጭንብሉን ቢከፍሉ ፍትሐዊ ይመስላል። ማጣሪያው የመኪናው ዕቃ ነው፤ የኤሲውን መዳንም ያመጣል። ነዳጁና ጭንብሉ ደግሞ የዚያ ጭነት ወጪ ናቸው። በጅጅጋ፣ በሞያሌ፣ በሐርጌሳና በሌሎች የንግድ ከተሞች ያሉ የነጋዴዎች ማኅበራትም አባሎቻቸው በብዛት የሚጠቀሙባቸውን የመኪና ዓይነቶች ለይተው ማጣሪያውን በአንድ ላይ ቢገዙ ዋጋው ይቀንሳል፤ ተቀብቶ የሚሸጠውን ሐሰተኛ ካርቦንም መለየት ይቀላል።

በአረፋ ወቅት ጥሩ ሾፌር ማግኘት ከባድ እንደሆነ እያንዳንዱ ነጋዴ ያውቃል። መንገዱን የሚያውቅ፣ እንስሳት ሲጨናነቁ ከድምፃቸው የሚለይ፣ ኬላ ላይ የሚታወቅ ሾፌር በአንድ ዓመት አይፈጠርም። እንዲህ ያለው ሰው በ45 ዓመቱ ሳል አሸንፎት መሪ ሲለቅ የሚተካው ከየት ይመጣል? ለሞተሩ ማጣሪያ የሚገዛው ሞተሩ እንዲቆይ ነው። ሾፌሩም እንዲቆይ የሚፈልግ ነጋዴ በሚቀጥለው ጭነት መኪናውን ሲያይ የጋቢናውን ሳጥን አስከፍቶ ይመልከት።